ስድስት ሳምንት ከስፌት መኪናዎቻችን ጎን፦ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል አገልግሎት ሲመዘን

ኮምቦልቻ ውስጥ በ12 የስፌት መኪና የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋ አነስተኛ ማኅበር አስተዳድራለሁ። ባለፈው ዓመት፣ ከክልላችን ውጭ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው፣ የአልባሳት ኢንዱስትሪን ብቻ ለይቶ የሚያጠና የምርምር ማዕከል አንድ መምህርና ሦስት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ልኮ ለስድስት ሳምንት አሠራራችንን አጥንቷል። እንዲህ ያለ አገልግሎት ሲቀርብላቸው «ይጠቅመናል ወይስ ጊዜያችንን ይበላል?» ብለው የሚያመነቱ ባልደረቦች በኮምቦልቻም፣ በደሴም፣ በወልድያም ስላሉኝ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ። አገልግሎቱ የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም አለው፤ ወቀሳዬ ከአንድ ስፌት ቤት ልምድ ብቻ የመጣ በመሆኑ ግን የማዕከሉን ስም አልጠቅስም።

ከዚያ ቀደም በተለያየ ጊዜ ሦስት ቡድኖች ለጥናት መጥተው ያውቃሉ። ሁሉም መጠይቅ ይዘው መጥተው፣ ቢሮ ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው፣ የምርታማነት ችግራችሁ ምንድን ነው ብለው ጠይቀው፣ እኔም የመብራት መቆራረጥ፣ የጨርቅ ዋጋ መናር፣ የብድር እጦት ብዬ መልሼ፣ ያንኑ ጽፈው ሄደዋል። የነገርኳቸው ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን እኔ ራሴ ያላየሁትን ችግር ሊያሳዩኝ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም፤ የጠየቁት እኔኑ ብቻ ነበርና። መኪናዎቹ ወዳሉበት አዳራሽ የገባ አልነበረም፤ አንደኛው ቡድን ፎቶግራፍ ለመነሳት ብቻ ገብቶ ወጥቷል።

ይህኛው ማዕከል ሲመጣ መምህሩ መጀመሪያ የጠየቁት ወንበር ነው። አራት በርጩማ ተሰጥቷቸው፣ አንዱን ከመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ሁለተኛውን ኮሌታ ከሚሰፋበት መኪና፣ ሦስተኛውን የጨርቁን ጫፍ እንዳይተረተር ከሚቆልፈው መኪና ከኦቨርሎኩ፣ አራተኛውን ቁልፍ ከሚተከልበት ቦታ አጠገብ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራ እስኪያበቃ፣ ተማሪዎቹ ከዚያ አልተነሱም ማለት ይቻላል። እያንዳንዳቸው የእጅ ሰዓትና ደብተር ይዘው፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅ መቼ እንደመጣ፣ መቼ መርፌ እንደነካው፣ መቼ እንደተነሳ ይመዘግቡ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት መዝገብ መምህሩ ራሳቸው ሠርዘው ጣሉት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ሰፊዎቹ የሚታዩ መሆናቸውን ስላወቁ ከወትሮው ፈጥነው መሥራታቸውን ነገሩኝ፤ ይህም በቺካጎ አቅራቢያ በነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 በተካሄዱት ሙከራዎች ስሙ የወጣ ጉዳይ መሆኑን አስረዱኝ። በዚያ ፋብሪካ የመብራቱን መጠን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሠራተኞቹን ምርት ሲለኩ፣ መብራቱ ሲቀንስም ምርቱ ሲጨምር በመታየቱ፣ ሰው መታየቱን ሲያውቅ አሠራሩ ይለወጣል የሚል ግንዛቤ ተወለደ። ትርጓሜው እስከ ዛሬ ምሁራንን ቢያከራክርም፣ እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በአራተኛው ቀን ሰፊዎቹ እንግዶቹን ለምደው ወደ ወትሮው ጨዋታቸውና ፍጥነታቸው ተመለሱ። በአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ የሚሄድ አጥኚ እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት እንኳ አይደርስባቸውም።

ከሁሉ በላይ የገረመኝን ልተርክ። ኮሌታ የሚሰፉልን እናት ከእኛ ጋር የቆዩ፣ እጃቸው እጅግ የቀና ሠራተኛ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ተማሪ ልብስ ሰፍቶ ስለማያውቅ በሁለተኛው ሳምንት «እትዬ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ኮሌታ ልሞክር» አላቸው። ፈቀዱለት፤ የኮሌታው ጫፍ ሲገለበጥ ሹል ሳይሆን ደብልቦ ወጣ። «አብሽር ልጄ፣ ትለምደዋለህ» አሉትና ጫፉ ላይ ያለውን ትርፍ ጨርቅ ከመገልበጡ በፊት በሰያፍ መቁረጥ እንዳለበት፣ የመጨረሻዋን ስፌትም በፔዳሉ ሳይሆን መዘውሩን በእጅ እያዞሩ ማሳለፍ እንደሚሻል አሳዩት። ተማሪው ይህን ከጻፈ በኋላ ሌላ ነገር ጠየቃቸው፦ ከፊታቸው የተከመረው ሥራ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ። እሳቸውም ሳያመነቱ «ይሄ የታችኛው ካለፈው ሐሙስ ነው» አሉት። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

እኛ ዘንድ ሥራ የሚተላለፈው በእስር ነው። ቆራጩ የ20 ሸሚዝ ቁራጮችን በጨርቅ ቅዳጅ አስሮ ያስረክባል፤ አንዱ ሰፊ የ20ውን እጅጌ ጨርሶ መልሶ ያስርና ለሚቀጥለው ያሳልፋል። አጥኚዎቹ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አዳራሹን ዞረው የተጀመረና ያላለቀ ሥራ ሁሉ ቆጠሩ፤ 27 እስር፣ ማለትም 540 ሸሚዝ ተገኘ። በቀን የምንጨርሰው በአማካይ 60 ሸሚዝ ነው። መምህሩ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠውን ቀላል ሕግ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በቾክ ጻፉልን፦ በሥራ ላይ ያለውን ብዛት በቀን ለሚያልቀው ብታካፍሉት፣ አንዱ ዕቃ ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚቆይበትን ጊዜ ታገኛላችሁ። 540 ለ60 ሲካፈል 9 ይሆናል። አንድ ሸሚዝ 9 የሥራ ቀን ከእኛ ጋር ይቆያል ማለት ነው። መርፌ የሚነካው ጊዜ ግን ከኮሌታው እስከ ቁልፉ ሲደመር 28 ደቂቃ ነበር። የቀረው ሁሉ ጥበቃ ነው።

ይህን ቁጥር ስሰማ በእውነቱ ደንግጫለሁ። ለዓመታት «ሥራ ሞልቶናል» እያልኩ የምደሰትበት ክምር ያሰርነው ገንዘብ ነበር። የጨርቁን ዋጋ ከከፈልን በኋላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ከዚህም የከፋው ስህተት ተደብቆ መኖሩ ነው። ከጥናቱ በፊት በነበረው ነሐሴ፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሸሚዞች ኮሌታ በአንድ ወገን ወርዶ መሰፋቱን ያወቅነው ቁልፍ ተካዩ ጋ ሲደርስ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ከ300 በላይ ሸሚዝ በዚያው ስህተት አልፎ ነበር። መስከረም ደጃፍ ላይ ሆነን ሌሊት ሌሊት ስንፈታ የሰነበትነውን ሠራተኞቼ አይረሱትም።

የማዕከሉ ምክር እስሩን ከ20 ወደ 5 ማውረድ፣ በማንኛውም ሰፊ ፊትም ከሁለት እስር በላይ እንዳይከመር መከልከል ነበር። ምንም አዲስ መኪና አያስፈልግም፣ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ካደረግነው ሁለት ወር በኋላ በሥራ ላይ ያለው ብዛት ወደ 120 ሸሚዝ ወርዶ፣ የአንድ ሸሚዝ ቆይታ 2 ቀን ሆኗል። የቀን ምርታችን የጨመረው በጥቂቱ ብቻ ነው፤ ከ60 ወደ 65 አካባቢ። ስለዚህ «ምርት በእጥፍ ይጨምራል» ብሎ የሚመጣ አማካሪ ካጋጠማችሁ አትመኑት። የተጨመረልን ስህተትን በዕለቱ ማየትና ገንዘባችንን ቶሎ መሰብሰብ ነው፤ ለእንደ እኛ ያለ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢንዱስትሪን ከውጭ በአኃዝ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ ተቀምጦ የማጥናት ልማድ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1979 የመኪና ኢንዱስትሪን ብቻ የሚያጠና ፕሮግራም ጀምሮ፣ በተለያዩ አገሮች ያሉ የመገጣጠሚያ ፋብሪካዎችን አነጻጽሯል፤ ዛሬ «ሊን» የሚባለውን፣ ብክነትን የሚቀንስ የአመራረት ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕዝብ ያቀረበው ጆን ክራፍሲክም የዚያው ፕሮግራም አጥኚ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ በጋራ በከፈቱት ፋብሪካ በመሐንዲስነት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካው የአልፍሬድ ስሎን ፋውንዴሽን በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ አንድ ኢንዱስትሪ ብቻ የሚያጠኑ ማዕከላትን ደግፏል፤ ብረት በፒትስበርግ ከተማ፣ የምግብ ችርቻሮ በሚኒሶታ፣ ወረቀት በጆርጂያ፣ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት በሃርቫርድ። የሃርቫርዱ ማዕከል ያሳየው ነገር ለእኛም ይሠራል፦ ትልልቅ መደብሮች በባርኮድ አማካይነት በየቀኑ የተሸጠውን ማወቅ ከጀመሩ ወዲህ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብዙ ማዘዛቸውን ትተው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማዘዝ ስለጀመሩ፣ የስፌት ፋብሪካዎች በረጅም ክምር መሥራት አልቻሉም። ባቲ ያለው ደንበኛዬ ባርኮድ የለውም፤ ነገር ግን ስልክ አለው፤ ሰኞ ገበያው ከተበተነ በኋላ ደውሎ «ቁጥር 32 አልቋል፣ 15 ላክልኝ» ይለኛል። በዘጠኝ ቀን ቆይታ ለእርሱ መልስ መስጠት አይቻልም ነበር።

በአገራችንም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ካይዘን የሚባለው፣ ሥራን በትንንሽ ለውጥ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ከጃፓን መንግሥት ጋር በተደረገ ትብብር መጀመሪያ በ30 ኩባንያዎች ላይ ለሙከራ ተሠርቶበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። እኔም ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ ማጽዳትና ምልክት ማድረግ ከዚያ የተማርነው ነው። ሥልጠና ሁሉም ቤት የሚጠቀምበትን ያስተምራል፤ የምርምር ማዕከሉ ግን የእኔ ቤት ክምር የት እንዳለ ቆጥሮ አሳየኝ። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኮምቦልቻ ለእንዲህ ያለ ጥናት የተፈጠረች ከተማ ናት ብዬ አምናለሁ። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በየሠፈሩ ያለነው ትንንሽ ስፌት ቤቶች ሁሉ የቦርከናን ሸለቆ ተከትለን ተቀራርበን እንገኛለን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከወጣች በኋላ ልብስ ወደ ውጭ የሚልኩ ፋብሪካዎች ምን እንደገጠማቸው፣ ከዚያ የወጡ የሠለጠኑ ሰፊዎች ወደ የትኛው ሥራ እንደሄዱ፣ በቅርበት ተቀምጦ የሚያጠና ያስፈልጋል። ከእነዚያ መካከል ሁለቱ አሁን ከእኛ ጋር ይሠራሉ፤ ኦቨርሎክ ላይ የሚያሳዩት ቅልጥፍና እኛ ባስተማርናቸው የተገኘ አይደለም።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። አጥኚዎቹ ያለፉ ዓመታት መዝገብ ጠይቀውን አልነበረንም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ መዝገቡም፣ መኪናውም፣ መርፌው ሳይቀር ሄዷል፤ ሥራ እንደገና የጀመርነው በሦስት መኪና ነው። ይህን ነግረናቸውም በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ድርጅቱ መረጃ የመያዝ ባህል የለውም» ብለው ጻፉ። ሳነበው ከፋኝ። ሲነገራቸው አስተካክለዋል፤ ነገር ግን አንድን ስፌት ቤት በቅርበት አጠናለሁ የሚል ሰው፣ ቤቱ ምን አልፎ እንደመጣ የሚጠይቅበት ገጽ በደብተሩ ውስጥ ከመነሻው ሊኖር ይገባ ነበር።

ሌላው የአርብ ጉዳይ ነው። ከሠራተኞቻችን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሙስሊሞች በመሆናቸው አርብ ለጁምዓ ሥራ ይቆማል፤ ያንን ጊዜ ጠዋት ቀድመን በመግባት እናካክሰዋለን። ከወሎ ውጭ የመጣው አንዱ ተማሪ ለአራት ሳምንት ይህን ሰዓት «ሥራ ፈት ጊዜ» በሚለው አምድ ሥር ሲመዘግብ ቆይቶ፣ ያስተዋለችው ቁልፍ ተካይዋ ናት። በምሳ ሰዓት ደብተሩን እያየች «ይሄ መስመር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ ከነገራት በኋላ ጠዋት የገባንበትን ሰዓት አስቆጠረችው። ተማሪው ይቅርታ ጠይቆ አረመ፤ ቁልፍ ተካይዋ በምሳ ሰዓት ደብተሩን ባታይ ግን ስህተቱ በሪፖርቱ ውስጥ ታትሞ ይቀር ነበር።

ትልቁ ጉድለት ግን ክፍያ ላይ ነበር፤ በእኔ አመለካከት ይህ የማዕከሉ እውነተኛ ድክመት ነው። ሰፊዎቻችን የሚከፈላቸው በቁራጭ ነው። እስሩ 20 በነበረበት ጊዜ ፈጣኗ ሰፊ ከፊቷ ክምር ስላለ ዘገምተኛውን ሳትጠብቅ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። እስሩ 5 ሲሆንና ክምር ሲከለከል፣ ከእርሷ በፊት ያለው ሰው ከዘገየ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ሳትሠራ የቆየችበት ደግሞ አይከፈላትም። ማዕከሉ ይህን አላሰበበትም። በሥራው ላይ ያለው ብዛት ሲቀንስ ደስ ብሏቸው ሲያጨበጭቡ፣ ኮሌታ የሚሰፉት እናት ተነስተው «ክምሩ የቀነሰው ጥሩ ነው፤ የእኔስ ደመወዝ ለምን ቀነሰ?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መምህሩ በሐቅ «ይህን አላጠናነውም» ብለው መለሱ፤ ለዚህ ሐቀኝነታቸው አከብራቸዋለሁ። መፍትሔውን ግን ያገኘነው ራሳችን ነን፦ ግማሹን በሰዓት፣ ግማሹን መላው ቡድን በቀኑ ባጠናቀቀው ሸሚዝ ልክ እንዲከፈል አደረግን፤ ሥራ ያጣች ሰፊም ወደ ዘገየው መኪና ሄዳ እንድታግዝ ተስማማን። ይህን ለማድረግ ሦስት ስብሰባና ብዙ ንትርክ ፈጅቶብናል። በእነዚያ ሳምንታት ሁለት ጎበዝ ሰፊዎች ሊለቁን ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ሪፖርቱ የደረሰን ከአምስት ወር በኋላ ሲሆን፣ ከ60 ገጽ በላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። እኔ እንደምንም አንብቤዋለሁ፤ ጥናቱ የተደረገባቸውና ዕውቀታቸውን ሳይሰስቱ የሰጡት ሰፊዎች ግን አንድ ገጽ እንኳ ሊያነቡለት አይችሉም። የኮሌታውን ጫፍ አቆራረጥ ያሳዩት እናት ዘዴ በሪፖርቱ ውስጥ በሥዕል ተደግፎ ገብቷል፤ ከየት እንደተገኘ ግን አልተጻፈም። በጥብቅ ከጠየቅን በኋላ መምህሩና አንዱ ተማሪ ተመልሰው መጥተው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ግኝቱን በአማርኛ በቃል አስረድተው፣ ዋና ዋናውን በአንድ ትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈውልን ሄደዋል። ያ አንድ ወረቀት ከ60ው ገጽ የበለጠ ጠቅሞናል፤ በመጀመሪያውም ሊታሰብ የሚገባው እርሱ ነበር።

ስለ መብራት መቆራረጥና ስለ ጨርቅ አቅርቦት ሪፖርቱ ያለው ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም።

ስለ ወጪው ለሚጠይቁኝ፦ ማዕከሉ ምንም ክፍያ አልጠየቀም። እኛ ያወጣነው የተማሪዎቹን ምሳና ሠራተኞቻችን ለጥያቄ መልስ ሲሰጡ ያለፈውን ጊዜ ነው። በቁራጭ የሚከፈለው ሰው ለጥያቄ ሲቆም ገንዘቡን እንደሚያጣ በመረዳት፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ የሰዓቱን ከፍለናል፤ ይህ የማዕከሉ በጀት ሊሸፍነው የሚገባ ወጪ ይመስለኛል። የዋጋ ዝርዝራችንና የደንበኞቻችን ስም ለሌላ ወገን እንዳይገለጥ በሁለት ገጽ ስምምነት ተፈራርመን ነበር፤ እስካሁን ያከበሩት መሆኑን መመስከር እችላለሁ።

በሐምሌና በነሐሴ ግፊያ ውስጥ እንግዳ ለማስገባት የማይደፍር ሰው ቢኖር እረዳዋለሁ፤ የእኛ ጥናት የተካሄደው በጥርና በየካቲት፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ነበር። ነገር ግን ይህም ራሱ ጉድለት ነው። የሐረጎን ዳገት በጭጋግ ወጥቶ ደሴ የሚደርሰው የመጨረሻ ጭነት ሲዘጋጅ፣ ትምህርት ቤቶች በቀን ሦስት ጊዜ ሲደውሉ፣ አዲስ የተቀጠሩ ጊዜያዊ ሰፊዎች መኪና ሲያበላሹ ያለውን ሁኔታ አጥኚዎቹ አላዩትም። 120 ሸሚዝ ላይ የቆመው ክምር በነሐሴ ተመልሶ ወደ 300 ወጥቶብን ነበር፤ ለምን እንደሆነ በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አላወቅንም።

ስለዚህ ማዕከሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመጣ ሲጠይቅ እሺ ብለናል፤ ጥናቱም በመጪው ሐምሌ እንዲጀመር ተስማምተናል። በአዲሱ ስምምነት ላይ ሦስት ነገር አስጨምረናል፦ ግኝቱ ከሪፖርቱ በፊት በአማርኛ በአዳራሹ ውስጥ እንዲቀርብ፣ ማንኛውም የአሠራር ለውጥ በሰፊዎቹ ክፍያ ላይ የሚያመጣው ውጤት አብሮ እንዲጠና፣ ከሠራተኛ የተገኘ ዘዴም ከእርሱ መገኘቱ እንዲጻፍ። መምህሩ ሦስቱንም ተቀብለው ፈርመዋል። ኮሌታ የሚሰፉት እናት ግን በርጩማው ዘንድሮ ከመኪናቸው በስተግራ እንዲሆን ጠይቀዋል፤ በስተቀኝ ሲሆን ብርሃን ይከልልባቸዋል።